ያለ ቦታው የሚንሿሿው ጸናጽል

መሪጌታ ይታየው መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ቤቱ ሰላም ሆኗል። ሚስታቸው ደጊቱ ግን ሰላሙ አልተመቻትም። ይህን ደግሞ ለማን ትናገራለች? የአገራቸው የቤተ ልሔም ሰው ሁሉ ደስ ያለው ለእሷ ነው።

አምና ለአስተርእዮ ማርያም ንግሥ ወረቡን የመሩት መሪጌታ ነበሩ። ድምፃቸው ከከበሮው በላይ ይሰማ ነበር፤ ሴቱ ጉሮሮው እስኪነቃ እልል አለ። በዓሉ አለፈ፤ እሳቸውን ግን አላለፋቸውም። እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ፣ ማዜም ብቻ። ደጊቱን ከገብስ አውድማ ላይ እጇን ስበው በሰው ፊት ቅኔ ይዘርፉላት ነበር። ባሏ እንዲህ ያደረገላት ሴት በአገሩ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ቀጥሎ የእርሻውን በሬ ለመንገደኛ መርቀው ሰጡ። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሞትን ተመኙ። ጸበል ገቡ። ቆይቶም ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው ሐኪም ሕመሙ ባይፖላር የሚባለው ነው፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ አለ። የነፍስ አባታቸውም ጸበሉንም ክኒኑንም ያዙ አሏቸው።

መድኃኒቱ ሠራ፤ እጃቸውን ግን ያንቀጠቅጠው ጀመር። ማኅሌት ላይ የሌላው ጸናጽል እኩል ወርዶ ዝም ሲል የእሳቸው ብቻውን ይንሿሿል። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ሐኪሙ መጠኑን ትንሽ ቀነሰ፤ ከዚህ በታች አይሆንም አለ።

ዘንድሮ ንግሡ ሲቃረብ፣ ራት ላይ ክኒኑን በመዳፏ ብታቀርብላቸው አልተቀበሏትም። እስከ በዓሉ ብቻ ልተወው አሉ፤ እጄ ይርጋልኝ፣ አንዴ እንደ አምናው ልምራ፣ ከዚያ እመለስበታለሁ።

ደጊቱ አፏ ላይ የመጣው «እሺ» ነበር። ያ ድምፅ፣ ያ ሳቅ፣ ያ ከአውድማ የሚስባት እጅ ናፍቋታል። አሁን ያሉት ባሏ ደግ ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ተመስገን ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም።

«እኔም ያ ሰውዬ ናፍቆኛል» አለች። «ግን እሱ ሲመጣ እርስዎን ይዞብኝ ይሄዳል።»

«ናፍቆሻል?» አሉ መሪጌታ።

«ሳይናፍቀኝ የዋለበት ቀን የለም።»

ክኒኑን ከመዳፏ አንስተው ዋጡ።

በንግሡ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ወረቡ ሲጀመር፣ መሪጌታ ጸናጽላቸውን ለቀድሞ ተማሪያቸው ለኪዳን ሰጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ከጫፍ ቆሙ። ደጊቱ ከሴቶቹ መሀል ሆና ጆሮዋን ጣለች። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ድምፃቸውን ግን ከሌላው መለየት አቃታት። ፊት ለፊቷ ለቆሙት ባሏ፣ ሬሳቸው ከቤት እንደ ወጣ ሁሉ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰችላቸው።

ጎረቤቷ ብርቄ የደስታ መስሏት ትከሻዋን አቀፈቻት። «እሰይ፣ ባልሽን መለሰልሽ» አለቻት።

ደጊቱም አሜን አለች።