በጋዋን ጫፍ የተጠረገ መስታወት

አራሷ ሱሁዪኒ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች ሰሜን ጋና፣ ታማሌ ወዳለው ክሊኒክ ስትገባ የአሥራ ሁለት ቀን ልጇ በአክስቷ እቅፍ ውጭ ቀረች። ሕመሙ ወባ ከሆነ እናትየው ዛሬውኑ ታጠባታለች። ተላላፊው የላሳ ትኩሳት ከሆነ ግን ለሳምንታት አይገናኙም። ይህን የሚለየው የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ የውምፒኒ የምርመራ መስታወት ነበር።

ውምፒኒ ከአንዲት ጠብታ ደም ሦስት በሽታ ትመረምራለች። ደሙ ላይ የምትጨምረው ፈሳሽ በዓይን የማይታዩ የብርና የወርቅ ቅንጣቶች አሉት፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው እንደየመጠናቸው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይበትናሉ። ሰማያዊው የወባን፣ አረንጓዴው የታይፎይድን፣ ቀዩ የላሳን ምልክት ይፈልጋል። የፈለገውን ያገኘ ቅንጣት መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ያላገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ቀሪውን በማይክሮስኮፕ መቁጠር ነው።

ቆጠረች። ሰማያዊ ዘጠና አንድ፣ አረንጓዴ ሁለት፣ ቀይ አርባ።

"ወባም ላሳም?" አለ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናፓሪ ከኋላዋ። "ምስኪን። በይ ፈርሚና ነርሷ ትለያት።"

"ትንሽ ይታገሱኝ፣ ምባ ናፓሪ። ቀዮቹ ደስ አላሉኝም" አለች፣ እንደ አባት እያከበረችው።

"ላሳ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።"

"በአንድ ጠዋት ሦስተኛ ቀይ ነው። ባለፈው ወር ሙሉ አንድ ብቻ ነበር።"

የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ሩብ ዙር አዞረችው። ሰማያዊዎቹ ደብዘዝ አሉ እንጂ ቀለማቸውን አልለወጡም። ቀዮቹ ግን ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ሄዱ። እውነተኛ ቅንጣት ቀለሙን አይለውጥም። ደም ያልነካ መስታወት ከሳጥኑ አወጣች፤ እንደ ልማዷ ሃርማታን የተባለው የበረሃ ንፋስ ያመጣውን አቧራ በጋዋኗ ጫፍ ጠርጋ ከሌንሱ ሥር አስገባችው። ቀይ ነጠብጣብ አለበት። ሌላውን ሳትጠርግ አየችው። አቧራው ነጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቀይ የለም።

ጠዋት ደረቁ ንፋስ የሰነጠቀውን እጇን ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣውን ቅባት ቀብታ ነበር፤ ትርፉን፣ ጓንት ከማጥለቋ በፊት፣ እዚያው ጋዋን ላይ አብሳዋለች።

"የኔ ቅባት ነው" አለች።

ናፓሪ ጎንበስ ብሎ የጋዋኗን ጫፍ አሸተተ። "እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በሺያ ቅባት የባቄላ ኮሴ የሚጠብሰው ማነው እያልኩ ነበር።" ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። "የቀድሞዎቹ ሁለት ቀዮችስ?"

"ወረፋ ላይ ናቸው፤ ገና ወደ ማግለያው አልገቡም።"

"እኔ ሄጄ አስቆማቸዋለሁ። አንቺ አራሷን ድገሚ።"

ጋዋኑን አወለቀች። እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች፣ ንጹህ ጋዋን ለበሰች፣ ያልተከፈተ የመስታወት ሳጥን ቀደደች። ሰማያዊ ሰማንያ ስምንት፣ አረንጓዴ አንድ፣ ቀይ የለም። በሌላ መስታወት ደገመችው፤ ቀይ የለም። ያኔ ፈረመች።

አክስትየዋ ሕፃኗን ይዛ ስትገባ በመስኮቱ አየቻት። የሕፃኗ ለቅሶ ትንሽ ቆይቶ ቆመ። ውምፒኒ መዝገቡ ላይ "ስህተት፦ የሺያ ቅባት፣ ከጋዋኔ" ብላ ስሟን አሰፈረችና የጠዋቱን የመጀመሪያ ደም ልትደግመው ከማቀዝቀዣው አወጣች።