ሎሚ የበላው ወለል

የእህቴን ወለል ያበላሸሁት በምላሴ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሳሎኗን እብነ በረድ አስነጥፋ ስትንቀባረርብኝ፣ «እትዬ፣ የቤተ መንግሥት ወለል በምን እንደሚታጠብ ታውቂያለሽ? በሎሚ! ከማብራቱ የተነሳ ንጉሡ በጥቁር መነጽር ነው የሚረግጡት» አልኳት። ስቃ ታልፈዋለች ብዬ ነበር። እሷ ሆዬ አንድ ቅርጫት ሎሚ ጨምቃ አጠበችው። በማግስቱ ወለሉ ቋቁቻ የወጣበት መሰለ። ከዚያ ወዲያ ዘጋችኝ። እኔም ከጸጸቴ ብዛት የድንጋይ ወለል አጽጂ ሆኜ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጇ ደወለች። «ጋሼ፣ በስንት ልመና እማዬ እሺ ብላለች። ናና አጽዳላት።»

ማሽኔን ተሸክሜ በረርኩ። እህቴ ሳሎኑ መሀል ቆማለች። የምታየው ግን ልጇን ነው።

«ሰውዬውን ጫማህን አውልቅ በይው።»

«እማዬ፣ እዚሁ እኮ ነው ያለው!»

«በይው አልኩሽ።»

«ጋሼ፣ ጫማህን አውልቅ ተብለሃል» አለች ልጅቷ ሳቋን እያፈነች።

«ካልሲዬ ተቀዷል፤ እትዬ እንዳትስቂብኝ» አልኩ። አልሳቀችም።

«በምን ሊያጸዳው እንደሆነም ጠይቂልኝ። ዘንድሮ በብርቱካን ነው?»

ምላሴ ጫፍ የደረሰውን ቀልድ ዋጥኩት። «የዘይት እድፍ ቢሆን ሶዳ በውኃ ለውሼ፣ ለጥፌ ባሳድረው መጥጦ ያወጣው ነበር። ሎሚ ግን የድንጋዩን ቆዳ ነው የበላው። ፈጭቼ ሌላ ቆዳ ማውጣት አለብኝ።»

«ይኼም እውነት ነው በይኝ!» ብላ ልጇን ይዛ ወጣች። «ሲጨርስ በሩን ገጥሞት ይሂድ።»

ተንበርክኬ ስፈጭ ዋልኩ። ማሽኑ ሲጮህ ደህና ነበርኩ፤ ሳጠፋው ግን ቤቱ ጭር ይላል። ግድግዳው ላይ የልጅቷ ምርቃት ፎቶ አለ፤ አክስት፣ አማች፣ ጎረቤት ሳይቀር ተሰልፏል። እኔ የለሁበትም። ቢጨንቀኝ ለወለሉ አንድ ሸጋ ውሸት አወራሁለት፤ ትንፍሽ አላለም።

አሥር ሰዓት ላይ ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። የገዛ ፊቴ ከሥር አፈጠጠብኝ፤ እሱም ብቻውን ነው። ልጅቷ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሊያልቅ ነው፣ መጥታ ትየው ይላል።»

እህቴን ከጎኗ ሰማኋት። «ውሸቱን ነው። ይሂድ በይው።»

በሩ ሥር መዳፍ የምታክል ቋቁቻ ቀርታ ነበር፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ። ማሽኑን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። እህቴ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ይቺን ቋቁቻ ነው። ያኔ በገዛ ስልኳ ደውላ፣ ዘር ማንዘሬን እያነሳች፣ በገዛ አፏ ትሰድበኛለች።

ዕቃዬን ሰብስቤ በሩን ገጠምኩት። ስልኬን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ በእጄ ይዤ ወደ ቤቴ አዘገምኩ።