ለደንበኛ የሚሠራው ወጥ

«ሽንኩርቱን እስኪቀላ እጠብሳለሁ፣ ቅመሙንም ከእናንተው ሱቅ ነው የምገዛው» አለች ፈረንጇ፣ እርጥብ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «ግን የሱ ዓይነት አልሆን ብሎኛል። ቤቴ ስሠራው የቤት ምግብ ይሆንብኛል። ምን ነበር የሚጨምርበት? መቼም ባለቤቱ ታውቃለች።»

ሼፋ ለእናቷ ተረጎመችላት። ጉልናሃር ነጭ ሳሪዋን ተከናንባ፣ ፈረንጇን ግድግዳ እንደሚያይ ሰው አየቻት። ባሏ ቶይሙስ ዓሊ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በዌልስ ባሕር ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ወጥ በሠራበት ሬስቶራንት ወጥ ቤት ውስጥ ወድቆ ሞተ፤ ቅዳሜ ቤተሰቡ ወዳለበት ወደ ኦልድሃም አምጥተው ቀበሩት። ይህች ሴት ሚስስ ፕራይስ ትባላለች። የሬስቶራንቱ ደንበኛ ናት፤ ሦስት ሰዓት መኪና ነድታ፣ አበባ ይዛ መጥታለች።

«አላውቅም በያት» አለች ጉልናሃር።

ሼፋ ወደ ፈረንጇ ዞረች። «ምስጢር ነው ትላለች።»

ሚስስ ፕራይስ የገባት መስሏት ራሷን ነቀነቀች፤ የጉልናሃርን እጅ ያዝ አድርጋ ተሰናበተችና ሄደች። በሩ ሲዘጋ የሟቹ እኅት ሞይና፣ ከጎረቤት ሴቶች መሐል እንደ ተቀመጠች፣ መቁጠሪያዋን ሳታቆም ሹክ አለች። የሞይና ሹክሹክታ እንኳን ክፍሉን ጎዳናውን ያዳርሳል።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ወጥ ሲሠራ ኖሮ፣ ሚስቱ ምን እንደሚሠራ አታውቅም። እንዲህም አለ።»

«አንቺስ ታውቂያለሽ?» አለቻት አንዷ።

«እኔ ሚስቱ ነኝ እንዴ?»

ጉልናሃር ሰምታለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣም ነበር፤ የሷን ምላስ የማያውቅ በዚያ ሰፈር የለም። አሁን ግን ውስጧ ባዶ ነው። ሞይና በመጀመሪያው ቀን፣ ባል ለሞተባት እንደ ወጉ፣ የአፍንጫ ጌጧን ስታወልቅላት አላለቀሰችም፤ ጀናዛው ከቤት ሲወጣም አላለቀሰችም። ምግብም አልወርድ ብሏታል። በለቅሶ ቤት ሦስት ቀን እሳት ስለማይነድ ጎረቤት በየተራ ድስት ይልካል። ሩዙ፣ ዓሣው፣ ምስሩ ወጥ ቤቱ ውስጥ ይደረደራል፤ እሷ አንዱንም ከሁለት ጉርሻ አላሳለፈችም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሼፋ ሳህን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። «እማ፣ አንድ ጉርሻ። ለኔ ስትይ።»

«ያቺ ሴት ስንት ጊዜ በላሁት አለች?»

«በየዓርቡ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«እኔ አንድ ቀን አልበላሁም» አለች ጉልናሃር። ድምጿ ውስጥ ቁጣም ኀዘንም የለም፤ የአየር ሁኔታ የምትናገር ነው የምትመስለው። ሼፋ ሳህኑን መልሳ ወሰደችው።

ቶይሙስ የማክሰኞ ባል ነበር። እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ወንዶች ሬስቶራንቱ ፎቅ ላይ ከሠራተኞቹ ጋር ያድራል፤ ሬስቶራንቱ ማክሰኞ ስለሚዘጋ በዚያ ቀን በባቡር ይመጣል። ጉልናሃር ከጠዋት ጀምራ የአገራቸውን የሲልሄትን ዓሣ በመራራ ሎሚ ትሠራለታለች። ዝም ብሎ ይበላል፣ ሲጨርስ «እጅሽ ይባረክ» ይላል። ትዳሩም፣ ጠቡም፣ እርቁም፣ የልጆቹ እድገትም የተከናወነው በማክሰኞ ነው።

አንድ ማክሰኞ «ከዚያ ከምትሠራው ወጥ አምጣልኝ እንጂ፣ ልቅመሰው» አለችው።

«እሱ ምግብ አይደለም። ለደንበኛ የሚሠራ ነው።»

«ደንበኛ ሰው አይደለም?»

«ተይኝ እስቲ ጉልናሃር።»

እሷ ደግሞ መች ትተዋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ራሷ ልትሠራው ተነሣች። ሽንኩርቱን በለስላሳ እሳት ሁለት ሰዓት አቁላላች፣ ቅመሙን በድንጋይ ፈጨች፣ ዶሮውን ከነአጥንቱ አበሰለች። ቶይሙስ እስኪያልበው በላ። አጥንቱን ሁሉ ጋጠና «ይሄ እናቴ ቤት ያለው ነው፤ ያኛው እንዲህ አይደለም» አላት። በሌላ ማክሰኞ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቅቃ ሠራች። በተጠነቀቀች ቁጥር ከዚያኛው እየራቀች ሄደች፤ በመጨረሻ ተወችው።

ሆዷ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነው። ሼፋ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጉልናሃር ለቶይሙስ ሳትነግረው ልጅቷን ይዛ በባቡር ወደ ሬስቶራንቱ ሄደች። ጠረጴዛዎቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ ፈረንጆቹ ቀይ ወጥ በሹካ ይበላሉ። ቶይሙስ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። በጓሮ በር አስገባቸው፤ የሽንኩርት ጆንያ ላይ አስቀምጦ እንቁላል በሩዝ አመጣላቸው። ልጅቷ «እኔ ከዚያ ከቀዩ ነው የምፈልገው» ስትለው «እሱ ያንቺ አይደለም» አላትና በሚቀጥለው ባቡር መለሳቸው።

ጉልናሃር መንገዱን ሙሉ በመስኮት እያየች፣ በኔ አፍሮ ነው፣ አለች ለራሷ። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ የሷም ሆድ ሃያ ዓመት ፈጀው። አሁን ሰውየው የለም፣ የሚጠየቅ የለም። ያን ሁሉ ፈረንጅ ሲያበላ የኖረ እጅ፣ ለሷ አንድ ማንኪያ ሳያቀምሳት አፈር ገባ።

ማክሰኞ፣ በአራተኛው ቀን፣ ኢንታዝ የሟቹን ሻንጣ ይዞ መጣ። ኢንታዝ ከቶይሙስ ሥር ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ረዳት ወጥ ሠሪ ነው። እሳት የሚነድበት ቀን ደርሷልና ሞይና ወጥ ቤቱን ይዛ ለሟቹ ነፍስ የሚበላውን የሶደቃ ሥጋ ትመትራለች።

«እትዬ ጉልናሃር፣ አላህ ያጽናዎት። አላህ ይዘንለት።»

«አሚን። ሻንጣውን እዚያ አስቀምጥ። እጅህን ታጠብና ና።»

«ወዴት?»

«ወጥ ቤት። ያንን የደንበኛ ወጥ ትሠራልኛለህ።»

ኢንታዝ ግራ ገብቶት ሼፋን አየ። ሼፋ ምክንያቱ አልገባትም፤ ግን እናቷ ከቅዳሜ ወዲህ የሚበላ ነገር ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ስለሆነ መጥበሻ ፍለጋ ሮጠች። ሞይና ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«በሶደቃ ቀን? የመጀመሪያው እሳት የፈረንጅ ወጥ ሊሠራበት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ሲል ነው የሰነበተው። አንቺም አልቀረሽም። እስቲ ዞር በይለት።»

ሼፋ ሣቋ እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ማቀዝቀዣው አዞረች።

«እኛ ጋ እኮ በጆንያ ነው የሚሠራው» አለ ኢንታዝ። «ለአራት ሰው እንኳ ሠርቼ አላውቅም።»

«ለአንድ ሰው ነው።»

ሽንኩርቱን በትልልቁ ቆራርጦ ድስት ሞላበት። ካሮትና ጥቅል ጎመን ጨመረ፣ ውሃ ቸለሰበት። ጉልናሃር ዘይቱን አንሥታ አቀበለችው።

«አይጠበስም እትዬ። ይቀቀላል።»

«ሽንኩርት?»

«ሁለት ሰዓት።»

«ይሄማ የበሽተኛ ምግብ ነው።»

«ለካ ሚስስ ፕራይስ ስለምትጠብሰው ነው እምቢ ያላት» አለች ሼፋ።

ጉልናሃር ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንግዶች ሲገቡ ሲወጡ፣ ሳሎኑ ውስጥ ቁርኣን ሲቀራ፣ ከዚያ አልተነሣችም። ሽንኩርቱ ሲበስል ኢንታዝ ፈጭቶ እንደ አጥሚት አደረገው። ሰፊ መጥበሻ በትልቅ እሳት ላይ ጣደ። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የቅመም ዱቄት፣ የቲማቲም ድልህ። ከዚያ የተፈጨውን ሽንኩርት በጭልፋ ጥቂት ጥቂት እየደፋ፣ ጠርዙ ላይ የሚያያዘውን እየፋቀ ወደ መሐል ይመልሳል። ቀድሞ የቀቀለውን ዶሮ ጨመረበት፣ ቀይ ቀለም፣ ክሬም። በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ስኳር።

«ስኳር» አለች ሞይና ከበሩ ላይ። «አስተግፊሩላህ።»

ጉልናሃር ዓይኗን ከኢንታዝ አላነሣችም። የምታየው እጁን ነው። ቶይሙስም እንዲህ ክርኑን ያነሣ ይሆን? መጥበሻው ሲንጫጫ እንዲህ ወደ ኋላ ይል ይሆን? ባሏ በሳምንት ስድስት ቀን ሲያደርገው የኖረውን ነገር ስታይ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ማልቀስ የሚገባት እዚህ ላይ መሰላት። ጠበቀችው፤ አልመጣም።

«ኢንታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለምንድነው አንድ ቀን እንኳ ያላመጣልኝ? በኔ ያፍር ነበር?»

ኢንታዝ እሳቱን ቀነሰ። «በርስዎ?»

«እውነቱን ንገረኝ። እሱ ሞቷል፣ አይቀየምህም።»

«እኔው ራሴ አንድ ጊዜ በዕቃ ልቋጥርልህ፣ ለቤትህ ውሰድላቸው ብዬው ነበር። ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ጉልናሃር ከቀመሰችው ሙያ እንደሌለኝ ታውቃለች። ይሄ ሁሉ ሰው ሼፍ ይለኛል፤ እሷ ግን እውነቱን ትነግረኛለች› አለ።» ኢንታዝ ጭልፋውን አስቀመጠ። «ያን ቀን በባቡር ስትመጡ እንቁላሉን ሁለት ጊዜ አሳረረው። ለናንተ ያመጣው ሦስተኛውን ነው።»

ሞይና ከበሩ ላይ ገባ ብላ ሳህን አቀበለችው።

ኢንታዝ ወጡን ከሩዝ ጋር አቀረበላት። ጉልናሃር እጇን ታጥባ ሩዙን ከወጡ ጋር በጣቷ አዋሐደችና ጎረሰች።

ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል፤ ስኳሩ ለወጥ ከሚገባው በላይ ነው። ቅመሙ ምላስ ላይ ቀረ እንጂ ሥጋው ውስጥ አልገባም፤ ዶሮውና መረቁ ገና አሁን ነው የተዋወቁት። የሰፈሩ ሴት ልጅ ይህን ሠርታ ብታመጣላት፣ ድስቷን አሸክማ ትመልሳት ነበር። ቶይሙስ አልተሳሳተም። አንድ ጉርሻ አቅምሷት ቢሆን ኖሮ ትነግረው ነበር፤ በዚያው ማክሰኞ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ ሳታለዝብ።

ሁሉም አፏን አፏን ያያሉ። ኢንታዝ እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል።

«እንዴት ነው?» አለ በመጨረሻ።

ጉልናሃር የቀረውን ሩዝ ሰብስባ ጎረሰች። ሳህኑ ላይ የተረፈውን ቀይ መረቅ በጣቷ ጠርጋ ጨረሰችው። ከዚያም እንዲጨምርላት ባዶውን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኢንታዝ ዘረጋች።