ጣት ውስጥ ጡንቻ የለም

ሰውዬው ጊታር መጫወት ከጀመረ አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው ደግሞ ገና ዓመቱ። እስቲ አሁን ይሄ ይደበቃል? እሱ ግን ደበቀ። ጠዋት ጠዋት ከሚስቱ ቀድሞ ይነሣና መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይቆልፋል፤ የግራ እጁን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ጣቶቹ እስኪፍታቱለት ይጠብቃል። ሃያ ደቂቃ፣ ሲብስበት ግማሽ ሰዓት። ሚስቱ ስታንኳኳ "ጢሜን እየተላጨሁ ነው" ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሚስቱ ደግሞ ወደ ወጥ ቤት ትመለሳለች። ያመነችው መስሎታል፣ ምስኪን!

የሚደብቀው በእህቱ ምክንያት ነው። እህቱ በአራት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ዘፋኝ ናት። እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ጊታር ይመታል፣ ሌላ ሰው የላቸውም፤ ሁለት ብቻ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት በመድረክ ኖረዋል። ስንቱ ሙሉ ባንድ ይዞ መጥቶ ለምኗታል! "ማሙሽ ከሌለ አልዘፍንም" ትላለች፣ ነገሩ ያልቃል። ማሙሽ የምትለው የሃምሳ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ነው፤ በሰው ፊትም ቢሆን አትተወውም። ቃሏን ደግሞ አታጥፍም። ስለዚህ የእሱ እጅ ከቆመ የእሷም አፍ ይዘጋል ማለት ነው። እንቅልፍ የነሣው ከሕመሙ ይልቅ ይሄ ሐሳብ ነበር። በዚያ ላይ የከተማው አዳራሽ ውስጥ የአንድ ሰዓት ተኩል ዝግጅት ተይዞላቸዋል፤ ፖስተሩ ከተለጠፈ ሰንብቷል፣ የቀረው ስድስት ሳምንት ነው።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? "ጉልበት አንሶኝ ነው" ብሎ ራሱን በራሱ መረመረና የቴኒስ ኳስ ገዛ። ጠዋት ሁለት መቶ ጊዜ ይጨምቃል፣ ማታ ሁለት መቶ ጊዜ ይጨምቃል፤ አውቶቡስ ውስጥ ኪሱ ውስጥ አድርጎ ይጨምቃል። ሕመሙ ሲብስበት ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ከፍ አደረገው። እልኸኛ ነዋ! ጊታር የሚመታ ሰው ሁሉ ይሄ አመል አለበት፤ ጣቱ አልታዘዝ ሲለው ልምምድ ያነሰው ይመስለዋል።

አንድ ጠዋት የጥርስ ሳሙናውን ክዳን መክፈት አቃተው። በጥርሱ ሲታገል ሚስቱ በበሩ በኩል፣ "ተላጭተህ ስትጨርስ ልብስህን ልበስ፤ ለእጅህ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ" አለችው። ክው አለ። ከዚያ በኋላ ምን ይዋሻል? ተከትሏት ሄደ።

የአጥንት ሐኪሙ ራጁን አይቶ የአውራ ጣቱ ሥር ያለው መገጣጠሚያ ትንሽ እንደተበላ ነገረውና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራው። እዚያ የተቀበለችው መነጽሯን ጭንቅላቷ ላይ የሰካች ደቃቃ ሴት ናት። "ዶክተር" ሲላት "ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ" አለችው። "እሺ ዶክተር" አላት። ስለ ኳሱ ሲነግራት እጇን ዘረጋች፤ ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና ዘጋችው።

"የደከመ እጅ በየቀኑ አራት መቶ ጊዜ ይጨመቃል?" አለችው።

"አምስት መቶ ነበር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ይበሉ፣ ቀኝ እጅዎን እዚህ ያድርጉ" ብላ መዳፉን ከግራ ክርኑ ዝቅ ብሎ ክንዱ ላይ አስያዘችው። "አሁን የግራ ጣቶችዎን አንድ በአንድ ይጠፉ።"

ሌባ ጣቱን አጠፈ። ከመዳፉ ሥር፣ ከቆዳው ውስጥ የሆነ ነገር ሽው አለ፤ ብርድ ልብስ ሥር እንደገባች አይጥ። ቀለበት ጣቱን አጠፈ፤ አጠገቧ ያለችው ሌላዋ ተንቀሳቀሰች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጣትዎ ነዋ።"

"ጣቴማ እዚያ ማዶ ነው!"

"የሚጎትተው ግን እዚህ ነው። ጣት ውስጥ ጡንቻ የለም።"

ሰውዬው ጣቶቹን አገላበጠ። "ትንሽም?"

"ትንሽም። ጡንቻው ክንድና መዳፍ ውስጥ ነው። ከክንድዎ ጅማቶች ተነሥተው በእጅ አንጓዎ ሥር ያልፋሉ፤ ከዚያ በየጣትዎ በየራሳቸው ጠባብ ቱቦ ገብተው እስከ ጫፍ ድረስ ይሄዳሉ። ጣት የሚታጠፈው እነሱ ሲሳቡ ነው።"

አቤት! አርባ አራት ዓመት ሙሉ ክር ሲመታ የኖረ ሰው፣ የገዛ እጁ በክር የተወጠረ መሆኑን በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ሰማ። ክንዱን ደጋግሞ ዳበሰ። አውራ ጣቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። ሴትዮዋ ሌላ የምትነግረው ነበራት፤ እሱ ግን ጆሮው አይሰማም።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ የሰው እጅ ሲያይ ሄደ። አንዷ የቦርሳዋን ዚፕ ትዘጋለች። ሹፌሩ መሪ ያዞራል። አንድ ሕፃን አፍንጫውን ይጎረጉራል፣ እናቱ እጁን መታ ታደርጋለች፣ እሱ ይመልሳል። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ክንዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተወጥሮለት ይዞራል፤ ማንም ልብ አይለውም! አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ክንዱን ይዞ "ይሄን ያውቁ ኖሯል?" ሊለው ምንም አልቀረው። ሚስቱ ሁኔታውን አይታ "ተው፣ አብዷል ይሉሃል" አለችው።

በሳምንቱ ጊታሩን ይዞ ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ ሄደ፤ ራሷ ናት ይዘው ይምጡ ያለችው። ስለ ሙዚቃ አንዳች አታውቅም። አንድ ዘፈን እንዲጫወት ነግራው እጁን ብቻ፣ ልክ መርፌ እንደሚወጋ ሰው ትኩር ብላ አየች። ከዚያ አስቆመችው።

"ግራ እጅዎ ጊታሩን የሚያንቀው ለምንድን ነው? ሊያመልጥ ነው?"

"እንዲህ ነው የሚያዘው" አለ ቆጣ ብሎ። ጊታር ያልነካች ሴት ልታስተምረው!

"ይሁን። አሁን አንድ ጣትዎን ክሩ ላይ ያሳርፉ፣ ግን አይጫኑ። በቀኝዎ እየመቱ በግራዎ ቀስ ብለው ይጨምሩ። ድምፁ ሲጠራ ይቁሙ።"

ጣቱን አሳረፈ። ሲመታው ዱብ ዱብ የሚል የታፈነ ድምፅ ወጣ። ቅንጣት ያህል ጨመረ፤ ያው ነው። ሌላ ቅንጣት ጨመረና ዋናውን መጫን ገና ሊጀምር ሲል፣ ድምፁ ድንገት ጥርት ብሎ ወጣ። ሰውዬው ደነገጠ። የተጫነው እኮ ምንም ያህል አይደለም! የተኛ ሕፃን ትኩሳት እንዳለው ለማየት ግንባሩን እንደ መንካት ነው። ደግሞ ሞከረው። ሌላ ክር ላይ ሞከረው። ስድስቱም ላይ ሞከረው። በየትም ቦታ ድምፁ እሱ ከሚጠብቀው በፊት ቀድሞት ይገኛል።

"ታዲያ ያ ሁሉ ጉልበቴ ምን ይሠራ ነበር?" አለ።

"ድምፁ ላይ የጨመረው የለም። እጅዎን ሲበላው ነው የኖረው።"

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ጊታር የተማረው በአጎቱ ጊታር ነው፤ አንገቷ የጎበጠ፣ ክሮቿ ከእንጨቱ ላይ ተነሥተው የተንጠለጠሉ ጊታር። እሷን ድምፅ ለማስወጣት በሙሉ ጉልበቱ ማነቅ ነበረበት። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ጣቱ እየደማ ተማረ፣ ኮራበትም። ከዚያ በኋላ ስንት ጥሩ ጊታር ገዝቷል! እጁ ግን ያችን የጎበጠች ጊታር እንዳነቀ አርባ አራት ዓመት ኖረ። ይሄን ሲያስበው ሳቁ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሴትዮዋ ሌላም ነገረችው። ግራው እንዲህ ሲያንቅ ቀኙም አብሮ ይደነድናል፣ ለዚህ ነው ክሩን በኃይል የሚመታው። እጁን አሙቆ ይጀምር፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ተጫውቶ ያሳርፈው፤ ባገኛት ክፍተት ሁሉ ጣቱን ከክሩ ያንሣ፣ እጁን ይክፈት።

"ይድናል?" አላት ሊወጣ ሲል።

"የተበላው አይመለስም" አለችው፣ ሳታባብለው። "ያለው ግን ለብዙ ዓመት ይበቃዎታል፣ ከተንከባከቡት።"

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ሚስቱ የወጥ ቤቱን ሰዓት ይዛ ትቀመጣለች፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ "አውርድ!" ትላለች፣ እንደ ዘበኛ። በቀለለ እጅ ሲመታው ድምፁ ያንሳል፤ ግን ይቆያል፣ ክፍሉ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ሲያልቅም የት ላይ እንዳለቀ አይታወቅም። እንደ ጀማሪ አንዷን ድምፅ ደጋግሞ እየመታ ያዳምጣታል። ይገርመዋል። ወዲያው ግን ያስባል፤ ይሄን ያህል ቀስ ያለ ጊታር እህቱ ስትሰማ ምን ትላለች? አለቀለት ብትልስ?

ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እህቱ ሳሎን ለልምምድ ተገናኙ። መግቢያውን ገና እንደጀመረ እጇን አነሣች።

"ቆይ። ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

"ማሙሽ!"

አሁን እሷን ማን ይዋሻል? ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ሙቅ ውኃውን፣ ኳሱን፣ ራጁን፣ ሴትዮዋን። እህቱ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ዓመት ሙሉ? ዓመት ሙሉ ታመህ ለኔ አትነግረኝም? ጠላትህ ነኝ?"

"እታለም፣ ከነገርኩሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ነው። እኔ ካልቻልኩ አንቺም..."

"ዝም በል!" አለችው። ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ከዚያ ሳትዞር "በል እንደቅድሙ ምታው። እንደዚያ ቀስ ብለህ" አለች።

መታው። እሷ ገባች።

እሱ የሚያውቀው የእህቱ ድምፅ የአዳራሽ ግድግዳ የሚያነቃንቅ ነው። ሰው የሚወዳትም በዚያ ነው። ይሄኛው ግን ሌላ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ሻከር የሚል ድምፅ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር የሚመስል። ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማል። ሺ ጊዜ አብሯት የተጫወተው ዘፈን ምን እንደሚል አሁን ገና የገባው ያህል ሆነ። የጣቱን ቦታ ሳተ። እሷ ቀጠለች፤ እሱ ጣቱን ክሩ ላይ እንዳሳረፈ ፈዝዞ ቀረ።

"ይሄን ድምፅ የት ደብቀሽው ነበር?" አላት ስትጨርስ።

"አልደበቅኩትም። ከጊታርህ ሥር ነበር።"

"ታዲያ አትነግሪኝም?"

"ነግሬህ ነበር እኮ፤ ስንጀምር አካባቢ ሁለት ሦስት ጊዜ። 'ጊታር ሲመታ እንዲህ ነው' አልከኝ።" ትከሻዋን ነቀነቀች። "ምን ላድርግ? እኔ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።"

ሠላሳ አንድ ዓመት! አንጀቱን በላው። እሱ ክር ሲያንቅ እሷ በላዩ ስትጮህ፣ ከየመድረኩ ስትወርድ ጉሮሮዋን በሻርፕ ስትሸፍን፣ አንድም ቀን "በአንተ ምክንያት ነው" ሳትል! ሊያለቅስ ሲል "ኋላ ታለቅሳለህ፤ አሁን ድገመው" አለችው።

የዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ድምፅ የሚቆጣጠረው ሰው "ልጨምርላችሁ?" ሲል እህቱ "እንዳትነካው" አለችው። ጀመሩ። ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ከኋላ አንድ ሰውዬ "አይሰማም!" ብሎ ጮኸ። ጉርምርምታ ተነሣ፣ የሣቀም ነበር። የጊታር መቺው እጅ፣ ያ እልኸኛ እጁ፣ በራሱ ጊዜ ጊታሩን ጭምድድ አድርጎ ያዘ፤ አውራ ጣቱ ሥር እንደ እሳት ነደደው። ከፊቱ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አለ። በዚህ ዓይነት ሦስተኛው ዘፈን ላይ እንደማይደርስ አወቀ።

ያኔ እህቱን ሰማት፤ ቃሏን አይደለም። በሁለቱ ስንኞች መካከል፣ ለራሷ ብቻ፣ ትንፋሽ ስትስብ ሰማት። ክፍተት! ጣቱን ከክሩ አነሣ፣ እጁን ከፈተው። ስትገባ አብሯት ገባ፣ እንደ ሕፃን ግንባር ነክቶ። ደግሞ ተነፈሰች፤ ደግሞ ከፈተ። ሕመሙ ጥሎት አልሄደም፣ ግን ረገብ አለ።

እሷም ድምፅዋን አላነሣችም። ያ የጮኸው ሰውዬ አንዴ "እሽሽ" ተባለ፤ ከዚያ ወንበሩን አንሥቶ ወደፊት መጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ያን ያህል ሕዝብ ወንበሩን ተሸክሞ፣ ዕቃ እንዳይሰበር እንደሚጠነቀቅ ሰው በእግሩ ጣት እየሄደ፣ መድረኩ ሥር መጥቶ ተቀመጠ። ሳል እንኳ የለም።

አንድ ሰዓት ተኩሉን እንዲሁ ጨረሱት፤ እሷ በተነፈሰች ቁጥር እሱ እጁን እያሳረፈ። እህቱ ዘፈኑ ውስጥ የት የት ላይ እንደምትተነፍስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቧ ተቀምጦ፣ ያወቀው ያን ቀን ነው።