ወፍ ቦታዋ አይጠየቅም

ጥቅምት 12 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የረዲ ሱቅ ተቃጠለ። ሰዓቱን የማውቀው ረዲ ራሱ የእጅ ሰዓቱን እያየ፣ «አንድ ሰዓት! ገና እኮ አንድ ሰዓት ነው!» እያለ ሲጮኽ ስለሰማሁት ነው። እሳቱ ትንሽ አምሽቶ ቢመጣ ይቅር የሚለው ይመስል ነበር።

ባለቤቴ ዋቅወያ ባለፈው ወር ተቀበረ። ቀብሩ ላይ የማኅበረ ምእመናኑ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ለማንም የማያዳላ ሰው ነበር» አሉ። ሕዝቡም «እውነት ነው» አለ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት የለኝም። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ስለዚህ ብቻዬን በለቀምኩት ፊደል ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ።

መንደራችን ከዲጋ ወዲያ፣ ዳገት ላይ ያለች ናት። ረዲ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከታች መንገዱ ዳር ሱቅ ከፈተ፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ ይሸጥልን ነበር። ከሱቁ በስተጀርባ የታላቅ ወንድሜ የኩማ በቆሎ አለ። ከበቆሎው በታች ወንዙ ነው።

እሳቱ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ የረዲ አህዮች በቆሎው ውስጥ ገቡ። ኩማ ቁጡ ነበር። ገበያ መሀል ቆሞ፣ «አንተም አንድ ቀን ያለህ ሁሉ እንዲህ ሲወድም ታየዋለህ!» አለው።

«ኦቦ ኩማ፣» አለ ረዲ፣ «አህያዬ አማርኛም ኦሮምኛም አይሰማ፣ ምን ብዬ ልምከረው?»

ሰው ሳቀ። ኩማ አልሳቀም። ሰኞ ሱቁ ሲነድ ግን ያንን ንግግር ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ማታ ኩማ ማማ ላይ ሆኖ በቆሎውን ከከርከሮ እየጠበቀ ነበር። ራቱን ያደረሰለት ዋቅወያ ነው። እሳቱ ቦግ ሲል ሁለቱ ማማው ላይ አብረው ነበሩ።

ያኔ ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው ካልታወቀ አውጫጭኝ ይጠራል። የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይለይ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው ለተመረጡ ሦስት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራቸዋል። እነሱም የነገራቸውን ሰው እንዳያወጡ ምለዋልና «ወፍ ነገረችን» ብለው ለሕዝቡ ያሰማሉ።

ዋቅወያ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ተመረጠ።

«አባ ገቢሳ፣ እምቢ በል» አልኩት፤ በልጃችን ስም ነበር የምጠራው። «ከኩማ ጋር ነበርኩ፣ ምስክር ነኝ በላቸው። እዚያ ከተቀመጥክ የራስህን መናገር አትችልም።»

«የኩማን ስም ማን ያነሣል? ደግሞ እዚያ የሚቀመጥ ሰው የራሱን ነገር ቤቱ ትቶ ነው የሚሄደው። ዘመዱንም፣ ጠቡንም፣ ያየውንም።»

«ዓይንህንስ የት ትተወዋለህ? መደቡ ላይ?»

ሳቀ። «አንቺ ዳኛ ብትሆኚ አገሩ ይፈርስ ነበር።»

ሐሙስ ጠዋት ተሰበሰብን። ግራዝማች ገብረወልድ የሚባሉ ሹም በበቅሎ መጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ እሳቱ ከየት እንደተነሣ ጠየቁ።

«ከጣራው ነው» አለ ከላይኛው ሰፈር የመጣው ዳዲ። «ሣሩ ሲያያዝ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ከጓሮ በር ነው!» አለ ታፋ፤ ቤቱ ከወንዙ ዳር ነው። «ጣራው ቆይቶ ነው የተያያዘው።»

«አንዳችሁ ትዋሻላችሁ» አሉ ግራዝማች።

«እኔ ከላይ ነኝ ጌታዬ። ከላይ ሆኖ በር የሚያይ ማን ነው?»

«እኔም ከታች ነኝ። በበቆሎው መሀል ባለችው መንገድ በሩ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ግራዝማች ተሰላቹ። «መሀል የቆመ፣ ሁሉንም እኩል ያየ ሰው የለም?»

«ጌታዬ፣ መሀል የቆመው እኔ ነበርኩ» አለ ረዲ። «ጢሜን የላጨኝ እሳቱ ነው፤ ጭስ እንጂ ምንም አላየሁም።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ግራዝማችም ሳቁ። እኔም ስቄ ነበር።

ከዚያ ሰው አንድ በአንድ ከሜዳው ዳር ካለው በረት ኋላ ወዳሉት ሦስት ሽማግሌዎች እየሄደ ተመለሰ። የሚያውቅም የማያውቅም ይሄዳል፤ እንዲያ ካልሆነ ወፏ ትታወቃለች። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘመም ስትል ሦስቱ መጡ። ድምፁ የሚሰማ እሱ ስለሆነ የሚናገረው ዋቅወያ ነበር። ቆመ።

«ወፍ ነገረችን» አለ። «ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ከሱቁ ጓሮ ወደ በቆሎው ሲሮጥ አየሁ፣ ኩማ ነው ብላለች።»

ኩማ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ሁለት ሰዎች ያዙት። እኔ ከሴቶቹ መሀል ወጣሁ።

«መቼ ነው ያየችው? ከእሳቱ በፊት ነው በኋላ? እሳቱ ከተነሣ በኋላማ ወንዶቹ በሙሉ ውኃ ሊቀዱ በበቆሎው በኩል ወንዝ ወርደዋል! ጋቢ ያልለበሰ ማን አለ? ወፏ የት ቆማ ነበር? ዳዲንና ታፋን የት ቆማችሁ ብላችሁ ጠይቃችሁ የለም?»

ግራዝማች አልተቆጡም። እንደ ሕፃን አስረዱኝ። «አንቺ ሴት፣ ወፍ ቦታዋ አይጠየቅም። ቦታዋን ከተናገረች ማንነቷ ይታወቃል። ማንነቷ ከታወቀ ደግሞ ዘመድ ናት፣ ጠበኛ ናት ይባላል። አሁን ግን የማንም አይደለችም። ስለዚህ ንጹሕ ናት።»

ያኔ ዋቅወያ፣ «እኔ አብሬው ነበርኩ፤ ማማ ላይ» አለ።

«ጠዋት ምንም የማላውቅ፣ ጆሮ ብቻ ነኝ ብለህ ምለህ አልተቀመጥክም?»

«ተቀምጫለሁ።»

«ሰውየው የሚስትህ ወንድም አይደለም?»

«ነው።»

«እንግዲህ ፍርድ ቤት ተናገረው» አሉና ወደ በቅሏቸው ሄዱ።

ማታ ቤት ስንገባ ገና ሳይቀመጥ ያዝኩት። «ወፏን ታውቃታለህ። ከእሳቱ በፊት ነው ያለችህ በኋላ?»

«አልጠየቅኳትም። እዚያ የተቀመጠ ይሰማል እንጂ አይጠይቅም።»

«ሄደህ አሁን ጠይቃት!»

«ከሄድኩ ማን ቤት እንደገባሁ ታያለሽ። ምያለሁ፣ ድርቤ።»

ከዚያ ጀምሮ የጎረቤቶቼን ፊት ስመረምር ኖርኩ። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ብላ ሰላም የምትለኝን ሴት ሁሉ አንቺ ትሆኚ ይሆን እላለሁ። የሚገርመው፣ ወፏ ዋሽታለች ብዬ አላምንም። ኩማ ሲሮጥ አይታ ይሆናል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ባልዲ ይዞ ነበር። ባልዲው የሚታየው ግን ከእኔ ደጅ በኩል ነው፤ ከወዲያ ማዶ ለቆመ ሰው ጋቢው ይሸፍነዋል። ይህንንም ለግራዝማች ጸሐፊ ነግሬው፣ «እኅት ናት» ብሎ አለፈኝ።

ነቀምቴ ችሎት ስንቀርብ ኩማ እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ዳኛው ዋቅወያን ጠየቁት።

«ከመሸ ጀምሮ አብረኸው ነበርክ?»

መንገዱን ሁሉ «አዎን በል፣ አንዲት ቃል ናት» እያልኩ ለምኜው ነበር።

«ማማው ላይ ስደርስ ኩማ እዚያ ነበር» አለ ዋቅወያ። «ጥቂት ተጫወትን። ከዚያ እሳቱን አየን።»

«ከመድረስህ በፊትስ?»

ኩማ እሱን አላየውም፤ እኔን ነበር የሚያየው።

«ከመድረሴ በፊት አላየሁትም።»

«እሳት ተለኩሶ ቤት እስኪይዝ ጊዜ ይወስዳል። ለኩሶ ሮጦ ማማው ላይ ሊወጣ አይችልም ነበር?»

«የሮጠ ሰው አይመስልም ነበር ጌታዬ። ትንፋሹም...»

«ምን ይመስል እንደነበር አልጠየቅኩህም። ይችል ነበር ወይስ አይችልም?»

ዋቅወያ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «አላውቅም» አለ።

ውጭ ስንወጣ ደረቱን በጡጫ መታሁት። ሰው ያየናል አላልኩም።

«ታውቃለህ! ኩማ እንዳላቃጠለ ታውቃለህ!»

«የማውቅ ይመስለኛል። ግን የማውቀው አይቼ ነው ወይስ ስለምወደው? ሌሊቱን ሁሉ ልለየው ሞከርኩ፤ አልተለየልኝም። ያልተለየልኝን እንዴት ልማል?»

«ወፏስ ለይታ ነው? ጠልታው ይሁን ፈርታው ማን ጠየቃት? አንተ ስምህን፣ ፊትህን፣ ዝምድናህን ይዘህ ስለቆምክ ቃልህ ተቆራረጠ። የሷ ሳይነካ ገባ!»

«እሷን ለራሷ ተያት። እኔ የምጠየቀው በራሴ ቃል ነው።»

«የምታስረው ግን ወንድሜን ነው።»

እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ለዚህ መልስ አልሰጠኝም፤ ወፏንም አልነገረኝም። ታሞ ተኝቶ ሳለ እንኳ ጠይቄዋለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንዳንድ ቀን ከእሱ የበለጠ ሐቀኛ ሰው አላየሁም እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከየትም ሳይቆም እንደሚያይ ሰው ለመሆን ሲታገል፣ የቆመበትን አንድ እውነተኛ ቦታ፣ ያቺን ማማ፣ ለቀቀ እላለሁ። ሁለቱንም ባንድ ጠዋት የምልበት ጊዜ አለ።

ኩማ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። በሁለተኛው ክረምት ወህኒ ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገብቶ ሞተ፤ ሬሳውን ረዲ የቡና ጭነት መኪና ለምኖ ከነቀምቴ እስከ ዲጋ አመጣልን።