የጉም በር ነፋስ

ማሬ በጉና ተራራ ላይ የሚነሣውን እሳት ማጥናት ስትጀምር ደብረ ታቦር ውስጥ ከቁም ነገር የቆጠራት ሰው አልነበረም። የተፈጥሮ ሀብት መምህርት ናት። በጋ በመጣ ቁጥር ቦት ጫማዋን ተጫምታ ከተራራው ሥር ያሉትን መንደሮች ትዞራለች፤ ሰዉ እሳት የሚለቀው መቼና ለምን እንደ ሆነ ትጠይቃለች። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። ያረጀው የጓሳ ሣርና የአስታ ቁጥቋጦ ካልተቃጠለ ለከብት የሚሆን ለጋ ሣር አይወጣም። ተራራው ተከልሎ ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሰው ተደብቆ በመጋቢት ይለኩስና ይሸሻል፤ እሳቱም ያገኘውን እየበላ ስንት ቀን ይሰነብታል።

የማሬ ሐሳብ ቀላል ነበር። ክልከላው ብቻውን እሳቱን አላቆመውም። እንግዲያው መሬቱ ገና እርጥበቱን ሳይጨርስ፣ በኅዳር፣ ሕዝቡ ራሱ ቀን ተመርጦለት በጠባብ በጠባቡ ያቃጥል። በመጋቢት የሚመጣው እሳት የተቃጠለው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይቆማል።

ይህን በየስብሰባው ተናገረች። ተራራውን በከለለው ቢሮ ያሉት «እሳት እንዳይነሣ እሳት እንለኩስ ነው የምትይን?» ብለው ሳቁ። የአካባቢው ሽማግሌ አያ ፈንታሁንም ከልባቸው አዝነውላት፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺ አግቢና ውለጂ፤ ተራራው የትም አይሄድብሽም» አሏት። ማሬ ፈገግ አለች። ያን ቀን ወደ ከተማ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

ከዚያ ፈይሰል መጣ። የአንበሳሜ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ገና ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ከእሷ ጋር እንዲሠራ ተመደበ። የመጣውም ጥናቷን አንብቦ፣ አምኖበት ነው። «እትዬ ማሬ፣ ይሄ ነገር ወረቀት ላይ መቅረት የለበትም» አላት በመጀመሪያው ሳምንት። እሷም ደስ አላት። ለብዙ ጊዜ ብቻዋን የጎተተችውን ነገር አብሮ የሚጎትት ሰው አገኘች።

ፈይሰል ግን የሚጎትት ሰው አልነበረም። ነገሩ በራሱ ይከተለዋል። ገበሬው ቤት ገብቶ ይቀመጣል፣ ስለ በሬው ይጠይቃል፣ ይስቃል። የተጣሉ ሰዎች ሲያገኝ እሳቱን ረስቶ ሲያስታርቅ ይውላል። ብዙም ሳይቆይ ማሬን ሲሸሿት የነበሩት ሰዎች «መቼ ነው የምናቃጥለው?» ብለው እየደወሉ ይጠይቁት ጀመር። ቢሮውም ለሙከራ ፈቀደ። እሷ ስትለው የሳቁበትን ቃል እሱ ሲለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት።

በአንድ ስብሰባ ላይ አያ ፈንታሁን ብድግ ብለው፣ «ይሄ ልጅ ባይመጣልን ኖሮ ይህን ነገር ማን ይነግረን ነበር?» አሉ።

ፈይሰል ደነገጠ። «ኧረ አያ ፈንታሁን! ሐሳቡ እኮ የእትዬ ማሬ ነው። እኔ ከእሳቸው ነው የተማርሁት።»

«እሱማ አዎ» አሉ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ እሷ ዘርግተው፤ «እሷም ደክማለች።»

ደክማለች! ማሬ ያችን ቃል ይዛት ወደ ቤቷ ገባች። እራት ስትበላ እዚያው ነበረች፤ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብም እዚያው ነበረች። ፈይሰል ሰርቋት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር፤ ትከስሰው፣ ትጠላው፣ ይወጣላት ነበር። እሱ ግን በየደረሰበት ስሟን ያነሣል፤ ባነሣው ቁጥር ሰዉ እሱን ይበልጥ ይወደዋል። ይህን የመሰለ ቅናት ይዟት አያውቅም። ሰዎች በመንገድ ላይ ከሁለታቸው ማንን ቀድመው እንደሚጨብጡ ታያለች። የመንደሩ ሴቶች የእናቱን ደኅንነት ሲጠይቁት ትሰማለች፤ የእሷን እናት ማንም ጠይቆ አያውቅም። አንድ ቀን ታሞ የቀረ ጊዜ ልቧ ቀለል ሲላት አገኘችውና በራሷ አፈረች። ማፈሯ ግን ቅናቱን አላስተዋትም።

የማቃጠያው ጊዜ ሲቃረብ ኮሚቴ ተቀመጠ። በዕለቱ ነፋሱንና የሣሩን እርጥበት አይቶ «ለኩሱ» ወይም «ተዉት» የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል። ማሬ ያ ሰው እሷ መሆኗን ተጠራጥራም አታውቅም። ኮሚቴው ግን ፈይሰልን መረጠ፤ ሕዝቡ ይሰማዋል ተብሎ ነው። ፈይሰል አፈር ብሎ ወደ እሷ ተመለከተ። «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው።

አሁን አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። ሊቃጠል ከታሰበው ዳገት በላይ ሰዉ ጉም በር የሚለው መተላለፊያ አለ። ማሬ በፊት፣ ብቻዋን በምትሠራበት ዘመን፣ እዚያ የነፋስ መለኪያ ተክላ ነበር። ያወቀችውም ነገር እንግዳ ነበር፤ ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ጭጭ ብሎ በነጋበት ቀን፣ ፀሐይ ቆላውን ሞቅ ስታደርገው ከበሩ ድንገት ኃይለኛ ነፋስ ይወርዳል። ሰው «ዛሬ እንዴት ያለ ሰላም ቀን ነው» የሚልበት ቀን የከፋው ቀን ነው። ይህን ለማንም አላሳየችም። ፈይሰል አንድ ጊዜ የበሩ መረጃ እንዳላት ጠይቋት፣ «ገና አልተጣራም» ብላው ነበር። የራሷ ብቻ የሆነ ነገር እንዲኖራት ፈለገች።

የማቃጠያው ቀን ጠዋት ጓሳው ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። አየሩ ፀጥ ብሏል። ወንዱ አካፋ፣ ሴቱ ቅጠላም ቅርንጫፍና ጀሪካን ውኃ ይዞ ተሰልፏል። ዙሪያውን ሣሩ ተመንጥሮ እሳት እንዳያልፍ መግቻ ተቆፍሯል። ፈይሰል እርጥበቱን ለማወቅ የቆረጠውን ሣር መዘነ፣ መለኪያውን ወደ ላይ ይዞ ነፋሱን አየ። ከዚያ እሷ ወደ ቆመችበት መጣ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ማሬ፣ ሁሉም ደኅና ይመስላል። እርስዎ ግን ይህን ተራራ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሚያሠጋዎት ነገር አለ?» አላት።

ከኋላው ሰዉ ሁሉ እሱን ብቻ ያያል። ማሬ ውርጩን አየችው። ቀና ብላ ጉም በርን አየችው።

«ለካኸው አይደል?» አለችው።

«ለክቻለሁ።»

«እንግዲያ ምን እኔን ትጠይቀኛለህ? ወሳኙ አንተ ነህ።»

ፈይሰል አያት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ቢስሚላህ፤ ለኩሱ» አለ።

እሳቱ መጀመሪያ እንደ ታዘዘ ልጅ ሄደ። በዳገቱ ግርጌ በዝግታ እየበላ፣ መግቻው ጋ ሲደርስ እየከሰመ። ሰዉ እልል አለ። አያ ፈንታሁን የፈይሰልን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረጉት። ማሬ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ነፋሱ ዛሬ አይመጣ ይሆናል አለች በልቧ። እንዳይመጣ ትፈልግ ነበር? እንዲመጣስ? ኋላ ራሷን ደጋግማ ጠይቃ መልሱን አላገኘችውም።

ነፋሱ መጣ። መጀመሪያ የጅብራ ተክሎቹ ቅጠል ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ጭስ እንደ ተመታ ሁሉ ወደ ታች ተደፋ። ነበልባሉ መግቻውን ዘሎ አስታው ውስጥ ገባ። አስታ ዘይት እንደ ጠጣ ነው የሚነደው። «ሴቶች ወደ ኋላ! ወደ ወንዙ!» ብሎ ፈይሰል ጮኸ። ማሬ ቅርንጫፍ ነጥቃ ሮጠች፤ ፀጉሯ እስኪለበለብ፣ እጇ እስኪላጥ ድረስ እሳቱን ደበደበች። የሰው ሕይወት አልጠፋም። እሳቱ ግን ሸንተረሩን ይዞ ወርዶ የውዴ ማሳ ውስጥ ገባ።

ውዴ ከጅዳ ተመልሳ የአባቷን መሬት የያዘች ወጣት ናት። የሰው ቤት ስትሠራ ከርማ የራሴን ላርስ ብላ የመጣች፤ የዚያ ዓመት ገብስ የመጀመሪያ አዝመራዋ ነበር። ታጭዶ ተከምሮ ነበር። ክምሩ ተቃጠለ። ውዴ አልጮኸችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እሳቱ እስኪያልቅ ቆማ አየችው።

በማግሥቱ ሰዉ በቀበሌው ግቢ ተሰበሰበ። ትናንት ሲያመሰግኑ የነበሩት ዛሬ አጉረመረሙ። ፈይሰል ዓይኑ በጭስ ቀልቶ ተነሣ። «ሌላ ሰው አትውቀሱ» አለ። «ቀኑን የመረጥሁት እኔ፣ ለኩሱ ያልሁት እኔ። የበሩን ነፋስ አላወቅሁም፤ ማወቅ ነበረብኝ። እኅቴ ውዴ፣ ይቅር በይኝ። ገብስሽ እስኪተካ ድረስ ከደጅሽ አልጠፋም።»

ማጉረምረሙ ቀነሰ። አያ ፈንታሁን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። አንዲት ሴት «አይ ልጅ፣ ወላድ ትባረክ» አለች።

ማሬም ቀናችበት። እዚያው ተቀምጣ፣ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ጥፋቱን እንኳ እንዲህ አምሮበት ሲሸከመው ቀናችበት። ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። የራሷን ነገር ዳግመኛ ለእሱ ሰጥተውት ዝም ብላ ልታይ? ይህን ስታስብ ደነገጠች፤ ሳታስበውም ተነሥታ ቆመች።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ውርጭ በጣለ ቀን ከጉም በር ምን ዓይነት ነፋስ እንደሚወርድ ለክቼ አውቃለሁ። ትናንት ጠዋት ጠየቀኝ። አልነገርሁትም።»

ውዴ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «ረስተሽ ነው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ምን አድርጌሽ ነው?»

«አንቺ ምንም አላደረግሽኝም። እሱም ምንም አላደረገኝም። ቀንቼ ነው።»

ማንም አልተሳደበም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ሽማግሌዎቹ ከመከሩ በኋላ ለውዴ ከየቤቱ ገብስ እንዲዋጣ፣ የማሬም ድርሻ ከሁሉም ከፍ እንዲል ወሰኑ። ወደ ከተማ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ጋፋት መታጠፊያ ሲደርሱ ፈይሰል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ፣ «እኔን ቢጠሉኝ ምንም አልነበረም» አላት ውጭውን እያየ፤ «እዚያ ዳገት ላይ ግን ሰው ነበረ።» በማግሥቱ የጉም በርን መረጃ በሙሉ ላከችለት። እሱም «ደርሶኛል፣ መምህርት» ብሎ ጻፈላት። ከዚያ ወዲያ እትዬ ብሏት አያውቅም።

በሚቀጥለው ኅዳር እንደገና ሞከሩ። አሁን ማሬ ጉም በር ላይ ስልክ ይዛ ትቆማለች፤ ፈይሰል ከታች ይጠይቃታል። ደጋግማ «ዛሬ አይሆንም» አለች። ሰዉ ጠዋት ጠዋት ወጥቶ እየተመለሰ ተማረረ፤ «ተመቀኝታ ነው» ያለም ነበር። ፈይሰል ግን አንዱንም ቀን «ለምን?» አላላትም፤ መሣሪያውን ሰብስቦ ይወርዳል። ደመና ባለበት፣ ለዘብ ያለ ነፋስ በሚነፍስበት አንድ ጠዋት «ይሆናል» አለችው። ዳገቱ በመስመር በመስመሩ ተቃጠለ፤ ምንም አላመለጠም።

በመጋቢት ከተራራው ማዶ አንድ ሰው ተደብቆ ለኮሰ። እሳቱ ጓሳውን እየበላ ወደዚህኛው ወገን ተሻገረ። ማሬ ጭሱን ከደብረ ታቦር አይታ በጭነት መኪና ተሳፍራ ስትደርስ፣ ውዴ ማሳዋ ዳር ቆማ ነበር። ጎን ለጎን ቆሙ። ነበልባሉ ሸንተረሩን ወርዶ በኅዳር የተቃጠለው ቦታ ላይ ደረሰ፤ ለጋ ሣር ብቻ ያለበት ነው። ወዲያና ወዲህ ፈለገ። ቀስ እያለ አጠረ፣ አጠረና ጠፋ።

ከመንደሩ እልልታ ተሰማ። አያ ፈንታሁን ስልካቸውን ከፍ አድርገው ለፈይሰል ሲጮሁ ይሰማል፤ «ልጄ! ቆመልህ! ተባረክ!»

ማሬን ያ የድሮው ቅናት ቆንጠጥ አደረጋት። አልወጣላትም ነበር። እንደማይወጣላትም ያን ጊዜ ገባት።

ውዴ ወደ እሷ ሳትዞር፣ «ማታ ነፋሱ ይቀየራል?» አለቻት። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ስታናግራት የመጀመሪያዋ ነው።

ማሬ ቀና ብላ በሩን አየች። «ይቀየራል። ፍሙ ካልጠፋ ወደዚህ ይመጣል።»

«እንግዲያ ነይ» አለቻት ውዴ ከያዘቻቸው አካፋዎች አንዱን አቀብላት፤ ሁለቱም አመድ ወደ ለበሰው ዳገት ወጡ።