ከካባው በታች

አዋጅ ነጋሪው አደባባዩ መሃል ቆሞ መለከቱን ሦስት ጊዜ ነፋና፣ በከተማው ምክር ቤት ስም፣ የውሃ ጉድጓዱ ገመድ በአዲስ መቀየሩን ለሞንቴሳልቮ ሕዝብ አስታወቀ። ሕዝቡም ባርኔጣውን አውልቆ በጥሞና ሰማ።

በዚያ ሳምንት ስለተቀበሩት ዐሥራ አራት ሰዎች ምንም አልተባለም። የወረርሽኙ ስም ከተነሣ የፔሩጃ ነጋዴ አይመጣም፤ ሱፋቸውን የሚገዛ አይኖርም። ስለዚህ በሞንቴሳልቮ የሚሞት ሰው አልነበረም። ሰው መንገድ ይሄድ ነበር እንጂ።

የእንቁላል ሻጯ የኑታ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ሊፓም፣ «ስፔሎ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄደች» ተብሏል። ይህን ለኑታ ያስጠናት የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር አለቃ ባልዶ ነው። ኑታ እህት ኖሯት አያውቅም።

ማኅበሩ፣ እንዲያው ለጥንቃቄ ያህል፣ በዑደት የሚያዝ ትልቅ የበፍታ ሥዕል ያሠራ ነበር። ድንግል ማርያም ካባዋን ዘርግታለች፤ ከሰማይ የሚወርደው የመቅሠፍት ፍላጻ ካባው ላይ ይሰበራል፤ ከሥር የከተማው ሰው ተንበርክኳል። ኑታ ቀለሙ የሚለወስበትን እንቁላል ይዛ ወደ ሠዓሊው ቼኮ ሄደች። የከተማ ዶሮ አስኳል ገርጣ ስለሚል ለልጅ ፊት፣ የገጠሩ ቀላ ስለሚል ለሽማግሌ ፊት ይሆናል።

«ዛሬ ያመጣሁት ሁሉም የከተማ ነው» አለች።

«እመት ኑታ፣ የቀሩኝ እኮ ሽማግሌዎቹ ናቸው!»

«ሊፓን ሣላት።»

ባልዶ የራሱ አፍንጫ በወጉ መሣሉን ሊያይ መጥቶ እዚያው ቆሟል። «ደንቡን ታውቂያለሽ» አላት። «በሕይወት ያለ ሰው ብቻ ነው የሚሣለው።»

«ታዲያ የኔ ልጅ ምን ሆነች? አክስቷ ዘንድ ናት ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ ጌታው?»

ሠዓሊው የታጠበውን ብሩሽ እንደገና ያጥብ ጀመር።

«ይሣላት እንግዲህ» አለ ባልዶ። «መንገደኛ ናት።»

በማግስቱ የጫማ ሰፊው ሚስት «የኔም ልጅ ሮም ነው» ብላ መጣች። ዳቦ ጋጋሪው የሦስት መንገደኞች አባት ሆኖ ተገኘ። ቼኮ ካባውን ሁለት ጊዜ አሰፋው። ባልዶ ብቻ ማንንም አላስመዘገበም። ጆሮ ትልቁ ልጁ ቱቾ ፔሩጃ ላቲን ይማራል፤ ትምህርቱ እንዴት እንደገፋ በየቀኑ ለሰው ያወራል።

ቼኮ ግን ከኑታ እንቁላሎች ለልጅ ፊት የሚበቃ አንድ ተርፎት ነበር።

በበዓሉ ዕለት ሥዕሉ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተሰቀለ። የፔሩጃው ሱፍ ገዢም የከተማውን ሱፍ ናሙና በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። ደንቡ የካባውን ጫፍ መሳለም ነው። ኑታ ተራዋ ሲደርስ ሊፓን አየቻት፤ የወለቀው ጥርሷ ክፍተት እንኳ አልቀረም። ሠዓሊው በሕይወቷ ያላደረገችውን ጫማ አድርጎላታል። ኑታ የካባውን ጫፍ ብቻ ሳመች። ልጇ መንገድ የሄደችባት እናት አታለቅስም።

ከእርሷ ቀጥሎ ባልዶ ጎንበስ አለ። ከሊፓ ጎን ጆሮው ትልልቅ የሆነ አንድ ልጅ ተንበርክኳል። ባልዶ ካባውን ተወና ከንፈሩን በልጁ ግንባር ላይ አሳረፈ።

«ይበርዳል እዚያ?» አለው ቀስ ብሎ።

አልተነሣም። ኑታ ተመልሳ መጣች፤ ከጎኑ ተንበርክካ ሊፓን ሳመች።

በር ላይ የቆመው ሱፍ ገዢ ናሙናውን በዝግታ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ እጁንም በልብሱ ጠረገ።